ለአይቲ ተማሪ የትኛው ያዋጣል? የእንግሊዝኛ ቃላትና ንባብ መማሪያዎች ሲነጻጸሩ

«እንግሊዝኛዬን ላሻሽል፤ በምን ልጀምር?» ብሎ የሚጠይቅ የአይቲ ተማሪ የሚያገኘው መልስ እንደ መላሹ ነው። አንዱ ፊልም እይ ይለዋል። ሌላው ልብ ወለድ አንብብ ይለዋል። ሌላው የማታ ኮርስ ግባ ይላል፤ ሌላው ደግሞ አፕ ይልክለታል። ሁሉም የሚናገረው ለራሱ የሠራለትን ነው። መንገዶቹ የሚያስተምሩት ነገር ግን ለየቅል ነው። ፊልም ጆሮ ያሠለጥናል። የማታ ኮርስ ብዙውን ጊዜ ራስን ማስተዋወቅና ጨዋታ ላይ ይበረታል። የእናንተ ጣጣ ግን 40 ገጽ ሃንድአውት አንብባችሁ ምን እንደሚል ሳይገባችሁ መቅረቱ ሊሆን ይችላል።

እዚህ የማነጻጽረው ለአንድ ዓላማ ብቻ ነው፤ የአይቲ ጽሑፍ አንብቦ ለመረዳት። ንግግርና ጽሕፈት ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

መጀመሪያ፣ የሚይዛችሁ ቃል የትኛው ነው?

ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱት። የኦፐሬቲንግ ሲስተም መጽሐፍ ውስጥ ብታገኙት አይገርምም። «ኤ ፕሮሰስ ሜይ ኖት ኢንተር ዘ ክሪቲካል ሴክሽን አንለስ ዘ ሎክ ሃዝ ቢን ሪሊዝድ።» ፕሮሰስ ምን እንደሆነ አስተማሪው ነግሯችኋል። ክሪቲካል ሴክሽንም ሎክም እንደዚያው፤ በአማርኛ ሲያስረዳችሁ እንኳ ቃላቱን አልቀየራቸውም። ነገሩን የሚገለብጠው «አንለስ» ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ሎኩ ካልተለቀቀ በቀር መግባት አይቻልም ነው። ቸኩሎ «ኢፍ» አድርጎ ያነበበው ልጅ ግን ሎኩ ከተለቀቀ መግባት አይቻልም ብሎ ይወጣል። የሙያ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወቀ ሐሳቡን በግልባጩ ያዘው።

የአይቲ እንግሊዝኛ ሲባል ቶሎ የሚታየን ኮምፓይለር፣ ኢንክሪፕሽን፣ ራውተር የሚለው ነው። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። በአማርኛ ስናወራም የምንጠራቸው በዚሁ ስማቸው ነው፤ መጽሐፉም ሲያስተዋውቃቸው አስረድቶ ነው የሚያልፈው። የሚያስቸግሩት ሌሎች ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው በተራው እንግሊዝኛ የታወቀ ትርጉም እያለው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ሥራ የሚቀይር ቃል ነው፤ ትሬድ፣ ሼል፣ ፖርት፣ ስትሪንግ፣ አርጊውመንት። ሁለተኛው ማንም ቆሞ የማያስረዳው ነው፤ አንለስ፣ ዌርአዝ፣ ሄንስ፣ አሱም፣ ዲራይቭ፣ ሰብሲኩዌንት፣ ሪስፔክቲቭሊ።

የካምፓስ አስተማሪ እነዚህን «ከሃይስኩል ይዘውት መጥተዋል» ብሎ ያልፋቸዋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በወረቀት ልክ ነው። በተግባር ግን በብዙ ክፍሎች መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ማስረዳቱ በአካባቢው ቋንቋ ነው፣ ፈተናው ምርጫ ነው። አያያዥ ቃላቱ በመሃል ሳይነኩ ይሾልካሉ።

እናንተ የት እንዳላችሁ ለማወቅ ፈተና አያስፈልግም። አሁን የምትማሩበትን መጽሐፍ ከመሃሉ ክፈቱ። 100 ቃል ቁጠሩ። የማታውቁት ቃል ላይ ሁሉ አስምሩ፤ የምታውቁ የሚመስላችሁን ግን ለሌላ ሰው ማስረዳት የማትችሉትንም ጨምሩ። ንባብን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት ልክ አለ። ያለ ረዳት አንብቦ ለመረዳት ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ ይፈልጋል። 95 ከሆነ በመዝገበ ቃላትና በሰው እገዛ ይገፋል። የኒውዚላንዱ ተመራማሪ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ስሌት ጋዜጣና ልብ ወለድ በዚያ ልክ ለማንበብ ከ8000 እስከ 9000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል። አሎኬት፣ አሎኬትድ፣ አሎኬሽን እንደ አንድ ቤተሰብ ነው የሚቆጠሩት። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ። የአንድ ሙያ ጽሑፍ የራሱን ቃላት እየደጋገመ ነው የሚሄደው።

ያሰመራችሁበት 2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የቃላት ችግር የለባችሁም፤ የቃላት ዝርዝሩን ዝለሉትና ስለ ንባብ ወደተጻፈው ውረዱ። ከ3 እስከ 9 ከሆነ ብዙዎቹ ያሉበት ቦታ ላይ ናችሁ። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያ መጽሐፍ ለጊዜው የቋንቋ መማሪያችሁ ሊሆን አይችልም። ለትምህርቱ ትጠቀሙበታላችሁ፤ እንግሊዝኛውን ግን ከሌላ ቦታ ማምጣት ይኖርባችኋል።

የቃላት ዝርዝር፦ የትኛው?

ቴሌግራም ላይ «1000 የአይቲ ቃላት» የሚል ዓይነት ፒዲኤፍ ከግሩፕ ግሩፕ ይዞራል። ከኤ እስከ ዜድ የተደረደረ። ማጣቀሻ ሲያስፈልግ አይጠላም። ለጥናት ግን የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። በፊደል ተራ ሲሸመደድ ተመሳሳይ ቃላት ጎን ለጎን ይመጡና ይምታታሉ፤ አዳፕት፣ አዴፕት፣ አዶፕት። ደግሞ ከላይ ያልነውን አስታውሱ። ዝርዝሩ የሞላው በቀላሎቹ ቃላት ነው።

ከዚያ የሚሻሉ ሁለት የታወቁ ዝርዝሮች አሉ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። አንደኛው በእንግሊዝኛ እጅግ የሚዘወተሩ 2000 ገደማ ቃላት ስብስብ ነው። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 2800 ቃላት የያዘ አዲስ ዝርዝር በሌሎች ባለሙያዎች ተዘጋጅቷል። ከላይ ባለው የመቶ ቃል ፈተና 10 እና ከዚያ በላይ ያሰመረ ሰው ከዚህ ነው የሚጀምር። «ይኼማ የሕፃን ነው» ብላችሁ አትናቁት። ፕሮቫይድድ፣ አዘርዋይዝ፣ ሬዘር ዛን የሚሉትን ስንቱ ተመራቂ ነው በእርግጠኝነት የሚያውቃቸው?

ሁለተኛው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ነው። አቭሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ሲሆን 570 የቃል ቤተሰቦች አሉት። ከመጀመሪያዎቹ 2000 ውጭ ሆነው በዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የሚመላለሱ ናቸው። ከአንድ የአካዳሚክ ገጽ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ኢምፕሊመንት፣ ፓራሜትር፣ አሎኬት፣ ሲኩዌንስ፣ ዌርአዝ፣ ሄንስ፣ ሰብሲኩዌንት ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ለአይቲ ተማሪ ገንዘብ ሳይወጣ የሚገኝ ከዚህ የተሻለ ዝርዝር አላየሁም።

እሱም ግን እንዳለ አይዋጥም። ሲዘጋጅ የሕግና የንግድ ጽሑፎችም ተቆጥረዋል። በአሥር ክፍል የተከፈለ ነው፤ ከመጀመሪያው 60 ቃላት ውስጥ አሱም፣ ዲራይቭ፣ ኢንዲኬት፣ ኦከር፣ ሪኳየር ዛሬውኑ ያስፈልጓችኋል። እዚያው ጎናቸው ግን ሌጂስሌት፣ ሌበር፣ ኢንካም ተቀምጠዋል። እነዚህ ይቆዩ። ዝርዝሩን አትሙትና የምታውቁትን ሰርዙ፤ ለናንተ ሩቅ የሆነውንም ሰርዙ። የቀረው ከምታስቡት በታች ነው የሚሆነው።

የሙያ ቃላቱንስ? መጽሐፋችሁ መጨረሻ ላይ ኢንዴክስ አለ። የኮርሱ የቃላት ዝርዝር እሱ ነው፤ ከነገጹ። ከቴሌግራሙ ፒዲኤፍ የሚበልጠው እያንዳንዱ ቃል የሚገኝበትን ዓረፍተ ነገር ስለሚያሳያችሁ ነው።

ደብተር፣ ወረቀት ካርድ ወይስ አንኪ?

ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አስምሮ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ መጻፍ ሁላችንም ያደግንበት ነው። ጥቅሙ እጅ ላይ መኖሩ ነው። ጉዳቱ ቃሉን ከቦታው ጋር ማስታወሳችን ነው። «ከገጹ ታች፣ በቀይ የጻፍኩት» እያልን። መጽሐፍ ውስጥ በሌላ ቦታ ሲመጣ እንግዳ ይሆንብናል። የትኛውን መቼ መከለስ እንዳለባችሁም አይነግራችሁም።

ሰው አዲስ ነገር ከተማረ በኋላ በጣም የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳይቷል። ካርድ፣ ማለትም ከፊቱ ቃሉ ከጀርባው ፍቺው የሚጻፍበት ቁራጭ፣ የሚሠራው በዚህ ላይ ነው። ያወቃችሁት ካርድ ወደ ኋላ ይሄድና ዘግይቶ ይመጣል፤ የሳታችሁት ነገ ይመለሳል። በወረቀት ለመሥራት አንድ የጫማ ካርቶን በአምስት ክፍል ከፍሎ ካርዶቹን ማዘዋወር ይበቃል። በስልክ ከሆነ አንኪ የሚባል የካርድ አፕ አለ። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፤ በአይፎን ይከፈልበታል። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዶርም ውስጥ ዋይፋይ ሲጠፋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁለቱ እኔ አንኪን ነው የማስቀድም፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ስልክ ሲከፈት ጣታችሁ ቀጥታ ቲክቶክ ላይ የሚሄድ ከሆነ ወረቀት ይሻላችኋል። አንኪ ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲያሳይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ወደ 8 ወይም 10 አውርዱት። መጀመሪያ ሳምንት ላይ 20 ይቀላል። ከዚያ ክለሳው ይከመርና የሚድ ሰሞን ሁለት ቀን ስትዘልሉ መቶዎች ይጠብቋችኋል። ብዙ ሰው አፑን የሚያጠፋው እዚያ ቀን ነው።

ካርዱ ላይ የሚጻፈው ነገር ከአፑ ምርጫ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ቃሉን ብቻውን አትጻፉት። ካገኛችሁበት መጽሐፍ ዓረፍተ ነገሩን ወስዳችሁ ቃሉን ክፍት ተዉት፤ «ሜሞሪ ኢዝ … ቱ ዘ ፕሮሰስ»፣ ከጀርባው «አሎኬትድ፣ ተመደበ፣ ተደለደለ»። እንደ ትሬድና ሼል ላሉት ግን የአማርኛ ፍቺ ባትጽፉ ይሻላል፤ ትንሽ ኮድ ወይም ሥዕል ይብቃ። ሌላ ሰው የሠራውን ጥቅል ማውረድም ይቻላል። አልመክርም። ካርዱን ስትሠሩ ነው ግማሹ የሚያዘው።

ተርጓሚ፣ መዝገበ ቃላት ወይስ ኤአይ?

ጉግል ትራንስሌት አማርኛ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ዛሬ ያለ እሱ የሚያነብ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ዌርአዝ፣ ሰብሲኩዌንት፣ ሪስፔክቲቭሊ ለሚሉት ዓይነቶች ጥሩ ነው። ሥራ ለሚቀይሩት ቃላት ግን አትመኑት። ትሬድን ክር፣ ሼልን ዛጎል፣ ፖርትን ወደብ ቢላችሁ ከተራው እንግሊዝኛ አንጻር አልተሳሳተም፤ እናንተ ግን የትም አልደረሳችሁም። ገጹን በሙሉ መጫን ደግሞ የባሰ ነው። የሚወጣውን አማርኛ ለመረዳት መልሳችሁ ወደ እንግሊዝኛ ልትተረጉሙት ነው።

የታተመ እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ለመጀመሪያዎቹ 2000 ቃላት ዛሬም ይታመናል። ለአይቲ ትርጉም አይሆንም፤ ብዙዎቹ ኮምፒውተር በየቤቱ ሳይገባ የተዘጋጁ ናቸው። እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈቱት የተማሪ መዝገበ ቃላት ሌላ ነገር ናቸው። የሎንግማኑ ፍቺዎቹን በሙሉ የሚጽፈው 2000 ገደማ በሆኑ ቀላል ቃላት ነው። የምርጫው መስመር ያለው እዚህ ጋ ነው። እነዚያን 2000 የማታውቁ ከሆነ ፍቺው ራሱ ሌላ ፍቺ ይፈልጋል፤ በአማርኛ ቀጥሉ። ካወቃችኋቸው ግን ወዲያው ተሻገሩ። አንዱን ቃል ልትፈልጉ ገብታችሁ ሌሎች አሥራ አምስት ታነባላችሁ።

ለሙያ ትርጉሙ ከሁለቱም የሚሻሉ ምንጮች አሉ። ኤምዲኤን የሚባለው የዌብ ገንቢዎች ሰነድ የራሱ የቃላት መፍቻ አለው። የፓይተን ሰነድም አለው። በቀላል እንግሊዝኛ የሚጻፈው ዊኪፒዲያ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ የተመረጠ ቃል። ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም በሙሉ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ትችላላችሁ። አንድ ሰው ያወርድና ዶርሙ ሁሉ በፍላሽ ይገለብጠዋል።

ኤአይስ? ከመድኃኒቱ ይልቅ አወሳሰዱ ነው የሚለየው። «ይህን ገጽ በአማርኛ አሳጥርልኝ» ማለት በጣም የሚያጓጓውና በጣም ትንሽ የሚያስተምረው ነው። ሐሳቡን ታገኛላችሁ፣ ንባቡ ግን የእሱ ሆነ፤ ፈተና አዳራሽ ደግሞ አብሯችሁ አይገባም። የሚሻለው አንቀጹን አንዴ ራሳችሁ አንብቡና ከዚያ «የሙያ ቃላቱን ሳትነካ በቀላል እንግሊዝኛ ጻፍልኝ» በሉት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ የቱ ቃል በምን እንደተተካ እዩ። ከዚያም የሚሻለው እናንተ የተረዳችሁትን ጽፋችሁ «ከአንቀጹ ጋር የማይስማማ ነገር አለው ወይ?» ማለት ነው። እዚህ ላይ «አንለስ»ን የገለበጠ ሰው ይያዛል። መልሱን ግን ሁልጊዜ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሩት፤ በልበ ሙሉነት የሚሳሳትበት ጊዜ አለ።

ምን ይነበብ?

ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው። ቃላት ያለ ንባብ አይቆዩም።

ከሁሉ በፊት ስለ ስላይድ አንድ ነገር ልበል። ካምፓስ ውስጥ ብዙ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ የሚያነበው የአስተማሪውን ፓወርፖይንት ነው። ለፈተና ዋዜማ ያዋጣል፤ አልክድም። ስላይድ ግን ዓረፍተ ነገር የለውም። ርዕስ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ሥዕል። አያያዦቹን በሙሉ አስተማሪው በአፉ ነው የሚናገራቸው። እነ ዌርአዝ እዚያ ላይ አይገኙም። ስለዚህ በስላይድ ብቻ የተመረቀ ልጅ የሙያ ቃላቱን ያውቃል፣ ሙሉ አንቀጽ ሲሰጡት ግን ይደናገራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና ደግሞ ጥያቄውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው የሚጠይቅ። «ከሚከተሉት ሁሉም ትክክል ናቸው፣ ኤክሴፕት (ከአንዱ በቀር)»። «የትኛው ሊስት ላይክሊ (የመሆን ዕድሉ ከሁሉ ያነሰ) ነው?» ማለፊያው 50 በመቶ ነው። 48 አምጥቶ የሚቀር ልጅ ሁሉ ትምህርቱን ስላላወቀ ነው የቀረው ለማለት አልደፍርም።

ታዲያ ሙሉ መጽሐፉን? 900 ገጽ ከሽፋን እስከ ሽፋን የሚያነብ ተማሪ አላውቅም፤ አስፈላጊም አይደለም። ስላይዱን እንደ ካርታ ያዙት። በሳምንቱ ከተማራችሁት ውስጥ አንድ ርዕስ ብቻ፣ ሦስት ወይም አራት ገጽ፣ ከመጽሐፉ አንብቡ። መጀመሪያ የምዕራፉን መጨረሻ፤ ማጠቃለያውንና ጥያቄዎቹን። ቀጥሎ ሥዕሎቹንና ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ። ከዚያ ነው ገጾቹ። ሐሳቡን አስቀድማችሁ ስለምታውቁት አዲስ የሚሆንባችሁ ቋንቋው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ነው ቋንቋው የሚገባው።

ዌብ ለሚማሩት ምርጫው ደብሊው ስሪ ስኩልስ ወይስ ኤምዲኤን ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ምሳሌው ብዙ ነው፣ እዚያው ሞክራችሁ ታዩታላችሁ። በመቶው ፈተና ከ5 በላይ ላሰመረ ሰው እሱ ይሁን። ኤምዲኤን ረጅም ነው፣ ጠንቃቃ ነው፣ «ይህ የሚሆነው እንዲህ ከሆነ ብቻ ነው» የሚል ሐረግ ይበዛበታል። እኔ የማየው እንደ ደረጃ ነው። አንድን ነገር በመጀመሪያው ተረድታችሁ በማግሥቱ ያንኑ በሁለተኛው አንብቡት። ኤችቲኤምኤል ፎርም ለምሳሌ። ሐሳቡ ያው ስለሆነ ጉልበታችሁ ሁሉ ለቋንቋው ይተርፋል።

አሁን ደግሞ ሁሉም ያለው፣ ማንም የማያነበው ጽሑፍ፤ የስሕተት መልእክት። ላብ ውስጥ ቀይ ነገር ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ወይ ይዘጋል፣ ወይ ሳይነበብ ኮፒ ተደርጎ ለኤአይ ይሰጣል። ነገር ግን ከዚህ የሚቀል የንባብ ልምምድ የለም። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፣ ይደጋገማሉ፣ በትክክል ካነበባችሁት ወዲያው ሽልማት አለው። ኤክስፔክትድ፣ አንኤክስፔክትድ፣ ሚሲንግ፣ ዲናይድ፣ ሪፊውዝድ፣ አንሰፖርትድ፣ ዲፕሪኬትድ፣ አንዲፋይንድ። እነዚህ ከየትኛውም ዝርዝር በፊት ካርድ ይገባቸዋል።

ከኔትወርክ አንድ ምሳሌ ላምጣ። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» እና «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ለብዙ ሰው ሁለቱም «አልገናኝ አለ» ናቸው። ሪፊውዝድ ግን መልስ መጥቷል ማለት ነው። ማሽኑ ተገኝቷል፣ በዚያ ፖርት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም። ሰርቪሱ መነሣቱን ታያላችሁ። ታይምድ አውት ሲሆን ምንም መልስ አልመጣም። አይፒው ልክ ነው ወይ? ፋየርዎሉ ውጦት ይሆን? ኬብሉስ? አንዷን ቃል ያነበበ ልጅ የተሳሳተ ቦታ ሲቆፍር አይውልም።

የአነባበብ ቅደም ተከተሉም የሚለማመዱት ነገር ነው። ፓይተን ስሕተት ሲያወጣ ዋናው ነገር ያለው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። «ኔም ኤረር፦ ኔም ቶታል ኢዝ ኖት ዲፋይንድ» ከታች ይቀመጣል፤ ከላይ ያለው ወደዚያ ያደረሰው መንገድ ነው። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ይነበባል። ጃቫ ላይ ስሕተቱ ከላይ ይመጣል፤ ሥር መንስኤውን የምታገኙት ግን ወደ ታች ወርዳችሁ «ኮዝድ ባይ» የሚለውን ስታዩ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ደርሳችሁ ኔትወርክ የምትወዱ ከሆነ አርኤፍሲ የሚባሉትን የኢንተርኔት ደንብ ሰነዶች ሞክሩ። ደረቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ቁጥር 2119 ግን በጣም አጭር ነው፤ ሥራውም መስት፣ ሹድ እና ሜይ በሌሎቹ ሰነዶች ውስጥ ምን ማለት እንደሆኑ መወሰን ነው። መስት ግዴታ፤ ሹድ በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር ይደረግ፤ ሜይ እንደ ፍላጎት። እነዚህን ሦስቱን ካምፓስ ውስጥ ሁሉም «አለበት፣ ይገባል፣ ይችላል» ብሎ ደባልቆ ነው የሚያነባቸው።

ልብ ወለድና ዜና? ለደስታችሁ አንብቡ። ፍጥነት ይጨምራሉ፤ የአካዳሚክ ቃላት ግን ይቸግራቸዋል።

ቪዲዮና ኮርስ

ቪዲዮ ማንበብ አያስተምርም፤ ለማንበብ ያዘጋጃል። ሲኤስ 50 የሚባለው የሃርቫርድ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ነፃ ነው፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፉም አብሮ ይወርዳል። አንድ ትምህርት አይታችሁ ጽሑፉን ብታነቡ ከሁለት ቪዲዮ ይበልጣል። ዳታውም ይተርፋል።

የቋንቋ መማሪያ አፑ ዱዎሊንጎ ከአማርኛ ተነሥቶ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ኮርስ የለውም። ቢኖረውም የሚያስተምረው ዳቦና ወተት ነው።

የማታ የቋንቋ ትምህርት ቤት ለመክፈል ካሰባችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት መማሪያውን አሳዩኝ በሉ። ገጹ ሁሉ ንግግር ከሆነ ለመናገር ነው የምትከፍሉት፤ ያንን ፈልጋችሁ ከሆነ ግቡ። ረጅም ጽሑፍ ካለው፣ ከጽሑፉም በኋላ ጥያቄ ካለው ለዚህ ዓላማ ይሆናል። ከየትኛውም ኮርስ ግን ለእኔ የሚበልጠው ሦስት ሆኖ ማንበብ ነው። በሳምንት አንድ ቀን አንድ ገጽ፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው በአማርኛ ይናገራል፣ ሦስተኛው ያርማል። ማንም ሳያስከፍል።

ማን የቱን ይውሰድ?

ሬሜዲያል ወይም ፍሬሽማን ከሆናችሁ ጊዜ አላችሁ። ከመጀመሪያዎቹ 2000 ቃላት የጎደላችሁን ሙሉ፣ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ዊኪፒዲያ አንብቡ፣ የኮርስ መጽሐፉን ገና አታስጨንቁት።

ቴክኒክና ሙያ ላይ ሃርድዌርና ኔትወርክ የምትማሩ የስሕተት መልእክቶችን አስቀድሙ፤ ከዚያ የዕቃዎቹን ማንዋል። ከዲግሪ ተማሪው ይልቅ እናንተ የምታነቡት ነገር በቀጥታ እጃችሁ ላይ ያለውን ዕቃ የሚመለከት ስለሆነ ቶሎ ይገባችኋል።

ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ያላችሁ የአካዳሚክ ዝርዝሩን ሰርዛችሁ ያዙ፣ አንኪ ላይ ጫኑ፣ በሳምንት አራት ገጽ ከመጽሐፍ። ተመራቂ ከሆናችሁና መውጫ ፈተናው ከተቃረበ አዲስ ዝርዝር አትጀምሩ። ያለፉ ጥያቄዎችን አውጡና መልሱን ሳትፈልጉ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ምን እንደሚጠይቅ ብቻ በአማርኛ ተናገሩ። ኤክሴፕት፣ ኖት፣ ሊስት የሚሉት ላይ አክብቡ።

አሜሪካ ሆናችሁ ከሥራ ጎን ለጎን ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ ለሚባለው የአይቲ ሙያ ማረጋገጫ ፈተና የምታጠኑ ደግሞ አላችሁ። እናንተ ላይ ሰዓቱ ነው የሚጫነው፤ እያንዳንዱ ፈተና እስከ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው። ድርጅቱ በነፃ የሚያወጣው የፈተና ይዘት ሰነድ መጨረሻው ላይ የምሕጻረ ቃላት ዝርዝር አለው። የካርድ ሥራችሁ ከዚያ ይጀምር፤ የቀረውን ጊዜ ረጅም ጥያቄ በሰዓት ለማንበብ አውሉት።

አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናስ? ለስኮላርሽፕ የሚያስፈልገው ያስፈልገዋል። የአካዳሚኩ የንባብ ክፍል ሦስት ረጃጅም ጽሑፎችና 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ነው፤ ጽሑፎቹም ስለ እንስሳትም ስለ ታሪክም ሊሆኑ ይችላሉ። ዶክመንቴሽን ማንበብ የለመደ ሰው ቃላቱ ያግዙታል፤ የፈተናውን ዘዴ ግን ለብቻው መለማመድ አለበት። ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆናችሁ አትፈተኑ። ማመልከቻው ሲቃረብ ክፈሉ።